ሰማያዊ ጠርዝ ያለው ሳህን

ስለ ባሌ ስለ ልደቱ ልጽፍ ነው። በጽሑፍ ደካማ ነኝ። ፊደል የቆጠርኩት በትልቅነቴ ነው፤ እዚሁ ጅቡቲ፣ ቤተ ክርስቲያን ግቢ ውስጥ ለሴቶች በሚሰጠው ትምህርት። አስተማሪያችን ጸደንያ፣ «እያንዳንዳችሁ የምታውቁትን አንድ ሰው ጻፉልኝ፤ የማኅበሩ መጽሔት ላይ ይወጣል» ስትል ሌሎቹ ትልልቅ ሰው መረጡ። እኔ ከልደቱ ሌላ ማንን አውቃለሁ? እሱንም ዘንድሮ ላጣው ነበር። ያውም በራሴ እጅ፣ በቅናት። ያሳፍራል፤ ግን ሌላ የምጽፈው የለኝም። የተሳሳትኩትን ጸደንያ ታርመዋለች።

ልደቱ የተወለደው ጅቡቲ ነው። አባቱ የባቡር ሠራተኛ ነበሩ። አማርኛ፣ ሶማሊኛ፣ ፈረንሳይኛ አንድ ላይ ቀላቅሎ ያወራል፤ ሲጨንቀው ግን ፈረንሳይኛው ብቻውን ይቀራል። ሥራው የአየር ማቀዝቀዣ መጠገን ነው፣ እዚህ ሁሉም ሰው «ክሊማ» የሚለውን። በሐምሌ ጅቡቲ ላይ ክሊማ ጠጋኝ ከሐኪም በላይ ይለመናል። አንድ ልማድ አለው። ክሊማውን ጠግኖ ሲጨርስ በካቻቢቴው እጀታ ሞተሩን ሁለት ጊዜ ኳ ኳ ያደርግና ጆሮውን ይሰጠዋል። ድምፁ ከጣመው ዕቃውን ሰብስቦ ይሄዳል። ቤትም እንደዚያው ነው። በልቶ ሲጠግብ የሳህኑን ጠርዝ በጥፍሩ ሁለቴ ኳ ኳ ያደርጋል። «ጣፈጠኝ» ብሎ አያውቅም። ሃያ ዘጠኝ ዓመት ሙሉ እኔ ያቺን ኳ ኳ ስሰማ ነው የኖርኩት።

ከድሬዳዋ በባቡር መጥቼ ያገባኝ ጊዜ የሃያ ዓመት ልጅ ነበርኩ። እናቱ፣ ነፍሳቸውን ይማርና፣ እማማ ወርቅነሽ የመጀመሪያ ምሳዬን ቀምሰው፣ «ምነው ልጄ፣ ባሕሩን ገልብጠሽበታል እንዴ?» አሉኝ። ጨው በዝቶ ነበር፤ እውነታቸውን ነው። ልደቱ ግን የሳቸውንም ድርሻ ወደ ራሱ ሳበና ሁሉንም በላው። «በዚህ ቤት የሰብሌን ምግብ የሚያቃልል ሰው ከኔ ጋር ገበታ አይቀርብም» አለ። እናቱን ነው እንዲህ ያለው! እኔ ግን እያፈርኩ ሦስት ቀን እህል አልቀመስኩም። ልጅ አልሰጠንም። የኔ ብዬ የምኮራበት ቢኖር ድስቴ ነው።

ዓምና ስኳር ተገኘበት። አንድ ሕንፃ ጣሪያ ላይ ክሊማ ሲፈታ አዞረው፤ የሥራ ጓደኞቹ ይዘው አወረዱት። ክሊኒክ ሲሄድ ከየምሳው በፊት የሚወጋው ኢንሱሊን ታዘዘለት። እዚያ ሀጀራ የምትባል ነርስ አለች፤ የሶማሌ ልጅ፣ ቀጭን፣ መነጽሯ አፍንጫዋ ላይ የማይረጋ። እሷ ናት ስልኩ ላይ አፕ የጫነችለት።

«ከዛሬ ጀምሮ ይሄ ስልክ ዘመድህ ነው» አለችው፣ እኔ እዚያው ቁጭ ብዬ እየሰማሁ።

ነገሩ እንዲህ ነው። ጣቱን ወግቶ ደሙን በትንሿ መለኪያ ሲለካ ቁጥሩ ራሱ ስልኩ ውስጥ ይገባል፤ ሀጀራ ካለችበት ሆና ታየዋለች። ምሳውን ደግሞ ከመብላቱ በፊት ፎቶ አንስቶ ይልክላታል። ምግቡ ለስኳር ደህና ከሆነ አረንጓዴ ምልክት ይመጣል፣ ካልሆነ ቀይ። ወሩን በአረንጓዴ የጨረሰ ሰው ክሊኒኩ ውስጥ ስሙ ይጠራል፣ ይጨበጨብለታል። ከዚህ ሌላ ስልኩ ውስጥ አንዲት ሴት አለች፤ በፈረንሳይኛ ታዘዋለች። መርፌህን ውሰድ፣ ውሃ ጠጣ፣ ተራመድ። ትርጉሙን እሱ ነው የነገረኝ። እኔ «ፀሐይ ነው፣ ባርኔጣህን አድርግ» ስለው ዞር ብሎ የማያየኝ ሰው ለሷ ብድግ ይላል! ያልታየች ሴት «ተራመድ» ስትለው ጫማውን ያጠልቃል። ይሄ ራሱ ይቆጠቁጠኝ ነበር።

በመጀመሪያው ሳምንት ምሳውን ቤት ነው ፎቶ ያነሳው። ሥጋ ያለበት ሩዝ ነበር፣ ቅቤው ላዩ ላይ የሚያብለጨልጭ፣ ከጎኑ የድንች ሳምቡሳ። ላከው። ስልኩ «ድው» የሚል ድምፅ አሰማ። ልደቱ አየት አደረገውና ስልኩን በፊቱ ደፋው።

«ምን አለችህ?» አልኩት።

«ኔትወርክ የለም» አለኝ።

ሩዙን ሙልጭ አድርጎ በላ፣ ኳ ኳ አደረገ። ከዚያ ቀን በኋላ ቤት ውስጥ ፎቶ አላነሳም። «ሥራ ቦታ ሆኜ እልካለሁ፣ እዚያ ኔትወርኩ ደህና ነው» አለ። እኔ ምኑን አውቄ?

ከሁለት ወር በኋላ ፊቱ በርቶ መጣ። ስሙ ተጠርቶለት ነው። «ሀጀራ ብራቮ አለችኝ። ሰው ሁሉ አጨበጨበ» አለ፤ እንደ ልጅ አፈረ። እኔም ኮራሁ። ስልክ የሚመሰክርለት ምግብ ሠራሁ ብዬ ለጎረቤቴ ለትግስት፣ ለግቢያችን ተከራዮችም ሳይቀር አወራሁ። አንድ ነገር ብቻ አልገባኝም። የደሙ ቁጥር አይወርድም። ሀጀራም አልገባትም። «ምግብህ አረንጓዴ፣ ስኳርህ ሰማይ። እንዴት ነው?» ትለዋለች። ሐኪሙም መርፌው ላይ ጨመረበት።

አንድ ቀን ከምሳ በኋላ ተኝቶ ስልኩ ይጮኻል። እንቅልፉን እንዳይቆርጥበት አነሳሁት። ሲከፍተው አይቼ ስለምይዘው ከፈትኩት። ፎቶዎቹ ተደርድረው መጡ። ጽሑፉ ፈረንሳይኛ ስለሆነ ማንበብ ባልችልም ማየት እችላለሁ። አንዱም የኔ ሳህን አይደለም።

የኔ ሳህኖች ቢጫ ቆርቆሮ ናቸው። ይሄ ነጭ ነው፣ ጠርዙ ሰማያዊ፣ አንድ ቦታ ላይ እንደ ጥርስ የጎደለ። በሁሉም ፎቶ ያው ጉድለት። ዓሣ አለበት፣ ለሁለት ተሰንጥቆ በእሳት የበሰለ፤ ቲማቲምና ሰላጣ ሳህኑን ግማሽ ሞልቶታል፤ ዳቦዋ አንድ ቁራጭ። ከእያንዳንዱ ሥር አረንጓዴ ምልክት። በአንዱ ፎቶ ጥግ ላይ የሴት እጅ ገብታለች፤ ሂና የተቀባች፣ ሎሚ የያዘች። ሎሚ ልትጨምቅለት!

ቀኑን አየሁ። ቁጥር አውቃለሁ። ረቡዕ ነበር። ሌላ ጎተትኩ፤ ያም ረቡዕ። እንግዲህ ልደቱ ማለት ረቡዕና ዓርብን ከልጅነቱ ጀምሮ የጾመ ሰው ነው። በሽታው ሲመጣ ንስሐ አባቱ ሰዓቱን ፈቱለት እንጂ የሚበላው የጾም ነው። በነሱ ቤት ደግሞ ዓሣም በጾም አይነካም፤ እናቱ እንዲያ አሳድገውታል። ያ ሰው ረቡዕ ቀን ዓሣ! ራሴን ያዝኩ። ጾሙን ያስገደፈችው ሴት ምን ብትሆን ነው አልኩ። አሁን ሳስበው፣ ያን ጊዜ ተረጋግቼ ባስብ ኖሮ እውነቱ እዚያው ፊቴ ላይ ነበር። ቅናት መቼ ያሳስባል።

አልተናገርኩትም። አፌ ለጠብ አይፈታም። የተናገረው ድስቴ ነው። ቅቤውን እጥፍ አደረግሁ። ሳምቡሳውን ከሦስት ወደ ስድስት አደረስኩ። ከምሳ በኋላ ሀልዋ በሻይ አስከተልኩ። ያቺ ባለ ሎሚ እስኪ ትብለጠኝ አልኩ። እሱ ላብ እየወረደው በላ፣ ኳ ኳ አደረገ። ቁጥሩ ወጣ። መርፌው አሁንም ተጨመረ። እኔ የማውቀው አንድ ነገር ነበር፤ እዚያ በልቶ መጥቶ የኔንም ይጨርሳል፣ እንዳልጠረጥር ነው ብዬ።

በመጨረሻ ለትግስት ነገርኳት። በር ላይ ሽንኩርት እየላጥን ነበር።

«እትዬ ሰብሌ፣ አንቺ ደግሞ!» ብላ ሳቀች። «ሳህን ነው የምትቀኚበት?»

«የሴት እጅ አለበት አልኩሽ።»

«እጅማ ካለ ሌላውም አለ። ወንድ ሁለት ቦታ ከበላ ሁለት ቦታ ነው የሚተኛው፣ እናቴ እንዲህ ትል ነበር።»

«ተይ እንጂ!»

«ምን ልተው? ሥራው ካርቲየ ሰባት ሰፈር አይደል? ሂጂና ሳህኑን ፈልጊዋ። ሳህን ከተገኘ ባለቤቱ አይጠፋም።»

ነገሩን ለቀልድ ነው ያለችው። እኔ ግን ሐሙስ ዕለት ነጠላዬን አጣፍቼ ከሰፈራችን ከሃያብለ ሚኒባስ ተሳፈርኩ። ካርቲየ ሰባት ወረድኩ። ፀሐዩ አናት ይበሳል። በየምግብ ቤቱ በር እየቆምኩ ጠረጴዛው ላይ አያለሁ፤ «ነይ ግቢ፣ ቦታ አለ» ይሉኛል፣ እኔ አፍሬ እሄዳለሁ። አራተኛው ላይ አገኘሁት። ሰማያዊ ጠርዝ። በሩ ላይ አግዳሚ ወንበር፣ ከኋላ ምድጃ፣ ምድጃው አጠገብ ሞላ ያለች ሴት፣ እጆቿ ሂና። ደንበኞቹ «ማይሙና» እያሉ ይጠሯታል። ወጣት እንኳ አይደለችም። ያ ነገር ይባስ አንገበገበኝ። ወጣት ብትሆን ወጣት ናት ብዬ አልቅሼ እተው ነበር።

ከማዶ የጫት ሻጮቹ ዣንጥላ ሥር ቆምኩ። ስድስት ሰዓት ተኩል ላይ ልደቱ የዕቃ ሳጥኑን ተሸክሞ መጣ። ማይሙና ሳህኑን አቀረበችለት፣ ሎሚውን በእጇ ጨመቀችበት። ስልኩን አወጣ፣ ጎንበስ ብሎ አነሳ። እሷ አንድ ነገር አለችው። ልደቱ ሳቀ። እንዴት ያለ ሳቅ! አንገቱን ወደ ኋላ ጥሎ፣ ጥርሱ እስከ መንጋጋው ታየ። እቤት እንዲያ የሳቀበትን ቀን ላስታውስ ብል አልመጣልኝም። ሳቁን ካየሁ በኋላ ምን ልጠብቅ? ሲጎርስ ማየት አልቻልኩም። ዞሬ ሄድኩ።

ቤት ገብቼ እሳት አልነካሁም። ድስቱን አጥቤ ደፋሁት።

ሰባት ሰዓት አለፍ ሲል ልደቱ መጣ። እጁን ታጠበ፣ ጣቱን ወጋ፣ ለካ። የስልኳ ሴት አዘዘችው፤ ሆዱን ገለጥ አድርጎ ተወጋ። የዚያን ዕለት ጠዋት መርፌው ለሦስተኛ ጊዜ ተጨምሮለት ነበር። ከዚያ እንደ ሁልጊዜው ቁጭ ብሎ ጠበቀኝ።

«ሰብሌ፣ ምሳ?»

«ምሳ የለም።»

«እንዴት የለም?»

«ሰማያዊው ሳህን ላይ ብላ።»

የልደቱ ፊት ተለወጠ። ያ መለወጡ ለኔ ምስክር ሆነኝ።

«የትኛው ሳህን?» አለ።

«ጫፉ የጎደለው! ሎሚ የሚጨመቅበት! የምትስቅበት!» በሃያ ዘጠኝ ዓመት ድምፄን አንስቼ የተናገርኩት ያን ቀን ነው።

«ሰብሌ፣ እንደምታስቢው አይደለም። ላስረዳሽ…»

«ፎቶውን አይቻለሁ። ዛሬም በዓይኔ አይቻለሁ። ረቡዕ ዓሣ ስትበላ እግዜርን አልፈራህም?»

ልደቱ ተነስቶ አልጋው ላይ ጋደም አለ፣ ፊቱን ወደ ግድግዳ። ምናለ «መርፌ ወስጃለሁ፣ አንድ ቁራሽ ዳቦ ስጪኝ» ቢለኝ? ወይ ኩራት፣ ወይ እፍረት። እኔም ነጠላዬን ለብሼ ትግስት ቤት ሄድኩ። እዚያ ቁጭ ብዬ አለቀስኩ።

ምን ያህል እንደቆየሁ እንጃ፣ አንድ ሰዓት አይሞላም። ስመለስ ስልኩ ብቻውን ደጋግሞ ይጮኻል። ልደቱ ልብሱ ከላብ የተነሳ ገላው ላይ ተጣብቋል፤ ዓይኑ ተከፍቶ እኔን አያየኝም። በፈረንሳይኛ ያወራል። አባቱን ነው የሚጠራው። «ልደቱ!» ብዬ ነቀነቅሁት። እጄን ገፋና «ማዳም፣ ባቡሩ መቼ ነው?» አለኝ። ይህቺን ታህል ፈረንሳይኛ ይገባኛል።

ስልኩን አነሳሁ። ፈረንሳይኛውን ማንበብ አልቻልኩም። የሀጀራ ፎቶ ያለበትን ብቻ አወቅሁና ነካሁት። ጠራ። በሶማሊኛ አዋራኋት።

«ሀጀራ፣ ልደቱ ሊሞትብኝ ነው! ሚስቱ ነኝ።»

«ተረጋጊ። ይተነፍሳል?»

«ይተነፍሳል፤ በላብ ተጠምቋል፣ አያውቀኝም።»

«መርፌ ወስዷል?»

«ወስዷል።»

«ቆይ ልየው… ምሳውንም በልቷል፣ ፎቶው ደርሶኛል። ዓሣና ሰላጣ። በልቷል አይደል?»

እውነት ለመናገር ያን ጊዜ እንኳ ጥያቄው ልቤን ወጋኝ። «በልቷል» አልኩ። «ሌላ ቤት በልቷል።»

«ከበላ እንግዲህ ወይ ስኳሩ በጣም ወጥቷል፣ ወይ ሌላ ነገር ነው። እስክናውቅ ጣፋጭ እንዳትሰጪው። መለኪያውን አምጪ።»

ሲለካ በየቀኑ አያለሁ። ጣቱን ወጋሁት፣ ደሙን ወረቀቷ ላይ አስነካሁ። ቁጥሩ መጣ።

«ዜሮ፣ ነጥብ፣ ሠላሳ ስምንት» አልኳት።

ሀጀራ ጮኸች። «በጣም ወርዷል! ይሄ የበላ ሰው ደም አይደለም! ይሄ ሰው እህል አልቀመሰም! መዋጥ ይችላል? ቀና አድርጊው፣ ስኳር በውሃ በጥብጪ፣ ቶሎ!»

እህል አልቀመሰም። እግዚአብሔር ይቅር ይበለኝ፤ ባሌ እጄ ላይ እየሞተ እኔ ደስ አለኝ። ብልጭ ብሎ ነው፣ የዓይን እርግብግቢት ያህል። የሷን አልበላም! ከዚያ ወዲያው ሌላው መጣብኝ። የሷን ካልበላ፣ የኔንም ካልበላ፣ በባዶ ሆዱ ያን ሁሉ መርፌ ይዞ የተኛው በኔ ነው። ለሀልዋው የገዛሁትን ስኳር ውሃ ውስጥ ዘረገፍኩ። ራሱን ክንዴ ላይ አድርጌ ጥቂት ጥቂት አጠጣሁት። ግማሹ ደረቱ ላይ ፈሰሰ። ሀጀራ ስልኩ ውስጥ ሆና «ሌላም፣ ሌላም፣ ቀስ እያልሽ» ትለኛለች። ከሩብ ሰዓት በኋላ ስለካ ቁጥሩ ወጣ ብሏል። ዳቦ አጎረስኩት።

ቀስ ብሎ ዓይኑ ወደ ቦታው ተመለሰ።

«ሰብሌ» አለኝ በአማርኛ። «ምን ሆነሽ ታለቅሻለሽ?»

ሌላ ሚስት «ለምን የሷን በላህ» ትላለች። እኔ ግን ያልኩት፣ «የማይሙናን ዓሣ ለምን አልበላህም?» ነው።

«ምሳዬ እዚህ እያለ?» አለኝ፣ የገረመው መስሎ።

ከዚያ ሁሉንም ተናገረ፣ ዓይኔን ሳያይ። በመጀመሪያው ሳምንት ለሩዜ የመጣው ቀይ ነበር። «ያንቺን ሳህን ቀይ ሲሉት ሆዴ እሺ አላለኝም» አለ። «ለአንቺ እንዳልነግርሽ እናቴ አንዴ ተናግራ የሆንሽውን አውቃለሁ። ሦስት ቀን ነው ያልበላሽው። ለሀጀራ እንዳልነግር ደግሞ ምን ልበል? ሚስቴ የምትሠራው ቀይ ነው ልበል? የማይሙናን ማቀዝቀዣ ጠገንኩላት፤ ከዚያ ወዲህ ሳህኗን ታስነሳኛለች። ፎቶውን እኔ እወስዳለሁ፣ ዓሣውን ጉዲና ይበላዋል።»

«ጉዲና ማነው?»

«ወደብ ጭነት የሚያወርድ ያገራችን ሰው። ምሳው ሁልጊዜ ያው ዓሣ ነው። 'ፈጠን በል፣ አንተ ስታነሳው ምግቤ ይቀዘቅዛል' እያለ ይነተርከኛል።»

«ዛሬ ምን ብላህ ነው እንደዚያ የሳቅኸው?»

«'ሙሽራዋን ልታነሳት መጣህ?' አለችኝ። ዓሣዋን ነው እኮ።»

አልሳቅሁም። ገና አላለቀልኝም ነበር።

በማግስቱ ክሊኒክ አብረን ሄድን። ሀጀራ መነጽሯን ወደ ላይ ገፋ አድርጋ ሁለታችንንም አየችን። ልደቱ እንደ ተማሪ እጁን አጣምሮ ተናዘዘ።

«ሦስት ወር!» አለች። «ሦስት ወር የሌላ ሰው ዓሣ ነው የመከርኩት? እኔ በፎቶው አምኜ፣ ሐኪሙ በኔ አምኖ መርፌ ስንጨምርብህ! ሳህን ይዋሻል ጌታው፣ ደም አይዋሽም።»

መርፌው ተቀነሰ። ከዚያ ወደኔ ዞረች። «እናቴ፣ ቀይ ያልኩት ሙያሽን አይደለም። የሩዙን ብዛት ነው፣ ቅቤውን ነው። ግማሹ ሳህን አትክልት ይሁን። ሌላው የራስሽ ነው።» በደግነት ነው የነገረችኝ። እኔ ግን ጥፍሮቿን እያየሁ ነበር፤ ንጹሕ፣ አጭር፣ ቀለም ያልነካቸው። ልደቱ በእያንዳንዱ ቃሏ ራሱን ይነቀንቃል። ለኔ እንዲያ ነቅንቆ አያውቅም። በሷም ቀናሁ፤ አልደብቅም።

የመጀመሪያ ሙከራዬን በቢጫዋ ሳህን አቀረብኩ። ልደቱ ስልኩን አውጥቶ ፈራ ተባ አለ።

«አንሳው» አልኩት።

«ሰብሌ፣ ቀይ ከመጣስ?»

«ይምጣ። የኔው ቀይ ይሻላል።»

መጣ፣ ቀይ። ልደቱ ሊደፋው ሲል እጁን ያዝኩት። አብረን አየነው። ሞት አይደለም ለካ። በሚቀጥለው ቀን ሩዙን በግማሽ ቀነስኩ፤ አሁንም ቀይ። ቅቤውን ተውኩ፤ ምግቡ ያለ ቅቤ ሆድ የባሰው ሰው መሰለኝ። ያም ቢሆን አላለፈም። ስለዚህ የምጠላት ሴት ቤት ሄድኩ። ሌላ ምን ላድርግ?

ማይሙና ገና ሳልናገር አወቀችኝ። «የልደቱ ሚስት አንቺ ነሽ! ያን ቀን ጫት ሻጮቹ ጋ ቆመሽ ነበር። ጫት የምትመርጪ መስሎኝ።»

በእፍረት መሬት ብትከፈት እገባ ነበር። «ዓሣውን እንዴት እንደምትሠሪው ልጠይቅሽ ነው» አልኳት።

«አባዮ» አለችኝ፤ እህቴ ማለቷ ነው። «ባልሽን አልቀማሁሽም። ዋላሂ አንድ ጉርሻ የቀመሰ ቀን የለም። 'ቤቴ ምሳ አለኝ፣ ቤቴ ምሳ አለኝ' ሲል ጆሮዬን አደነቆረው። ሦስት ወር ሙሉ እኔ ነኝ የቀናሁት፣ ይህቺ ሴት ምን ብታበላው ነው ብዬ!»

ደግማ እንድትነግረኝ ፈለግሁ። አላፈርኩም፣ ጠየቅኋት። ደገመችልኝ። ከዚያ ዓሣው እንዴት እንደሚሰነጠቅ፣ ቅመሙ ከእሳት በፊት መቀባቱን አሳየችኝ። ስወጣ ያቺን ጫፏ የጎደለ ሳህን «ውሰጃት» ብላ ሰጠችኝ። አልወሰድኩም። ያቺ ሳህንስ ቤቴ አትገባም።

ቅመሙን ግን የድሬዳዋውን አደረግሁት፣ የራሴን። በቢጫ ሳህን። ልደቱ አነሳው፣ ላከው። ሁለታችንም ሳንተነፍስ ጠበቅን። አረንጓዴ። ከሱ በኋላ የሀጀራ ድምፅ መጣ፤ «ብራቮ ልደቱ!»

ልደቱ ደስ ብሎት በላ፣ ኳ ኳ አደረገ። እኔ ግን ኳ ኳዋ አልበቃኝም።

«ብራቮ ልደቱ?» አልኩት። «ዓሣውን የሰነጠቀ ልደቱ ነው? ካርቲየ ሰባት ሄዶ ፊቱ የተቃጠለ ልደቱ ነው?»

«ምን ላድርግ ታዲያ?»

በማግስቱ ከትምህርት ደብተሬ አንድ ወረቀት ቀደድኩ። «ሰብለወርቅ ሠራችው» ብዬ ጻፍኩ። ብዙ ጊዜ ወሰደብኝ፤ «ብ»ን ሁለት ጊዜ አጠፋሁ። ወረቀቱን ከሳህኑ አጠገብ አስቀመጥኩና፣ «ከነወረቀቱ አንሳው» አልኩት። አነሳ። ሀጀራ አማርኛ አታነብም። ድምፅ ላከች፤ «ልደቱ፣ ከዓሣው አጠገብ ያለው ነጭ ነገር ምንድነው? ዳቦ ከሆነ ብዙ ነው።»

ልደቱ ያን ጊዜ ሳቀ። አንገቱን ወደ ኋላ ጥሎ፣ እስከ መንጋጋው። እቤት ውስጥ፣ በኔ ገበታ። እያሳቀው ለሀጀራ በሶማሊኛ አስረዳት። ጥቂት ቆይቶ ስልኩ እንደገና ጮኸ፤ «ብራቮ ሰብለወርቅ!»

ደግሜ ሰማሁት። ሦስተኛ ጊዜም ከፈትኩት።

«እኔስ?» አለ ልደቱ ሳቁን ትቶ። «የተወጋሁት እኔ ነኝ እኮ።»

አሁንም ሲተኛ ስልኩን እከፍታለሁ። ፎቶዎቹን አንድ በአንድ አያለሁ፣ ጠርዙን ነው የማየው። ከዚያ ወዲህ የተነሱት ሁሉም ቢጫ ናቸው።